ጫማውን አውልቆ ወደ ግሽ የወረደው ጄምስ ብሩስ

ሐርጌሳ ውስጥ ለሚያድግ ልጅ ወንዝ ማለት አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ከተማችንን ለሁለት የሚከፍለው የማሮዲ ጄሕ ሸለቆ ዝናብ ሲጥል ደፍርሶ ይሞላል፤ ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ብዙ ሳይቆይ ሰውና ፍየል ይሻገሩበታል። ስለዚህ ከተማሪዎቻችን መካከል አባይን በስሙ እንጂ በድምፁ የማያውቁት ጥቂት አይደሉም። ዘንድሮ ለመጽሔታችን የመረጥነው የሕይወት ታሪክ ያንን ድምፅ ፍለጋ ከስኮትላንድ ተነስቶ ጎጃም ድረስ የመጣ ሰው ታሪክ ነው። ስሙ ጄምስ ብሩስ ነው። በጎንደር ቤተ መንግሥት ግን ያዕቆብ ይሉት ነበር።

ብሩስ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 14 ቀን 1730 ኪኔርድ በተባለው የቤተሰቡ ርስት ተወለደ። እናቱ የሞተችው ገና ሕፃን ሳለ ነው። በእንግሊዝ አገር ሃሮው በተባለው ትምህርት ቤት ተማረ፣ ኤዲንብራ ሄዶም ሕግ ጀመረ፤ ሕጉን ግን አልወደደውም። በ1754 የወይን ነጋዴ ልጅ የሆነችውን አድሪያና አለንን አገባ። ወራት ሳይቆዩ በሳንባ ነቀርሳ ፓሪስ ላይ ሞተችበት። ከዚያ በኋላ ያለው ብሩስ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይችል ሰው ነው። ዓረብኛ አጠና፣ ግዕዝ አጠና፣ የአባይ ምንጭ የት ነው የሚለው ጥያቄም ከአእምሮው አልወጣ አለ።

ቁመቱ ወደ 1 ሜትር ከ93 የሚደርስ፣ ቀይ ጸጉር ያለው፣ ድምፁ የሚያስተጋባ ሰው ነበር። ቁጡም ነበር፤ ይህን የጻፉት ጠላቶቹ ብቻ አይደሉም፣ ወዳጆቹም ጭምር እንጂ። በ1763 በአልጀርስ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ተሾመና ሁለት ዓመት ያህል ቆየ። እዚያ ሳለ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል ወጣት ሠዓሊ ከጣሊያን አገር ከቦሎኛ አስመጣ። የድሮ ፍርስራሾችን፣ ዕፀዋትንና እንስሳትን የሚሥልለት፣ የሚለካለት፣ ማስታወሻ የሚይዝለት ሰው ያስፈልገው ነበር። ይህን ስም ያዙት፣ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። ሁለቱ አብረው የሰሜን አፍሪካን ጠረፍና ሶርያን ዞሩ። ቤንጋዚ አካባቢ መርከባቸው ሰጥሞ ብሩስ ዋኝቶ ወጣ፤ መሣሪያዎቹ ግን ጠፉ። በኋላ የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 15ኛ ምትክ የሚሆን የፀሐይና የከዋክብት ከፍታ መለኪያ ላከለት።

በ1768 ግብፅ ገቡ። የአባይን ወንዝ ሽቅብ ተከትለው አስዋን ደረሱ፤ ከዚያ በላይ ጦርነት ነበርና ወደ ቀይ ባሕር ታጥፈው በጂዳ በኩል እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1769 ምጽዋ ላይ ወረዱ። ምጽዋን ለቀው ወደ ደጋው ለመውጣት የታራንታን ተራራ መውጣት ግድ ነበር። መንገዱ ጎርፍ የቦረቦረው፣ ድንጋይ የበዛበት፣ ጭነት የያዘ አህያ የማይወጣው ነው። ያ የንጉሥ ስጦታ የሆነው መለኪያ ደግሞ በጣም ከባድ ነበር። ተሸካሚዎቹ እምቢ ሲሉ ብሩስና ያሲን የተባለ የመንገድ ባልደረባው ዋናውን ክፍል ራሳቸው ተሸክመው ዳገቱን ወጡ። ልብሳቸው ተቀደደ፣ ጉልበታቸውና እጃቸው ደማ። ተራራ ላይ መለኪያ ተሸክሞ መውጣት እብደት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ብሩስ የለካቸው ኬክሮሶች ዛሬ ከምናውቃቸው ጋር በጣም የሚቀራረቡት በዚያ ሸክም ምክንያት ነው።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1770 ጎንደር ገባ። ዙፋኑ ላይ የነበሩት ወጣቱ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ዳግማዊ ቢሆኑም አገሩን በእጃቸው የያዙት የትግራዩ ራስ ሚካኤል ስሑል ነበሩ። ብሩስ በደረሰ ጊዜ በቁስቋም፣ በእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት፣ ፈንጣጣ ገብቶ ልጆች ይሞቱ ነበር። በመንገዱ ላይ ትንሽ ሕክምና የለመደው ብሩስ በርና መስኮት አስከፈተ፣ ክፍሎቹን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ፣ በሞቀ ውኃና በኮምጣጤ አሳጠበ። ከዳኑት አንዱ የእቴጌይቱ ልጅ የወይዘሮ አስቴር ልጅ ነበር። ወይዘሮ አስቴር የራስ ሚካኤል ባለቤት ስለነበሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንግዳው ጠባቂ አገኘ። ወታደሮቹን ግን ያስደነቃቸው ሌላ ነገር ነው። ከክርክር የተነሣ ጠመንጃ ውስጥ የሞራ ሻማ ጎርሶ ተኮሰና ሦስት ጋሻ በሳ። ሻማ እንዴት ጋሻ ይበሳል የሚል ተማሪ ካለ የፊዚክስ መምህሩን ይጠይቅ። ለስላሳ ነገርም ቢሆን ፍጥነቱ እጅግ ሲበዛ እንደ ጠጣር ይመታል።

በዚያው ዓመት ጸደይ ላይ የራስ ሚካኤል ጦር የዳሞቱን ገዥ ፋሲልን ለመውጋት ወደ ደቡብ ተንቀሳቀሰ። ብሩስም አብሮ ሄደ፤ በዚህ ጉዞ ነው በግንቦት ወር ጢስ አባይን ያየው።

ጢስ አባይ ከባሕር ዳር በስተ ደቡብ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በክረምት ዕረፍት በቶጎ ውጫሌ በኩል አገር ቤት ለሚገቡ ቤተሰቦች ጎንደርና ባሕር ዳር ሩቅ ናቸው፤ እዚያ የደረሰ ግን ይህን መንገድ ባይዘለው ጥሩ ነው። ከመንደሩ የሚነሣው የእግር መንገድ መጀመሪያ ቁልቁል ይወርዳል። አባይ ጠብቦ ጥቁር ድንጋይ ውስጥ በገባበት ቦታ በ17ኛው መቶ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ይሻገራል። ከዚያ ሽቅብ ነው። ዝናብ ካለ ጭቃው ያንሸራትታል፤ ትንንሽ ልጆችን እጃቸውን መያዝ፣ ጥሩ ጫማ ማድረግ ያስፈልጋል። ዳገቱን ጨርሶ ገደሉ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ውኃውን ሳያይ በፊት ይሰማዋል፤ ከዚያ ጉሙን ያያል፣ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ውኃው እስከ 45 ሜትር የሚሆን ይወርዳል፤ ወንዙ ሞልቶ በሚፈስበት ጊዜ ስፋቱ 400 ሜትር ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ2001 ሥራ የጀመሩት ሁለቱ የኃይል ማመንጫዎች ውኃውን ስለሚጋሩት በበጋ የሄደ ሰው ቀጭን ጅረት ብቻ አይቶ ሊመለስ ይችላል። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ መሄድ ይሻላል።

ብሩስ በዚህ አፋፍ ላይ ቆሞ ዕድሜ ቢረዝም የማይረሳ ነገር እንዳየ ጽፏል። ከፍታውን ግን ወደ 40 ጫማ ገመተው፤ ይህ 12 ሜትር ገደማ ነው። ኬክሮስን በደቂቃ ለክቶ የሚያውቅ ሰው ፏፏቴን ሲገምት ይህን ያህል መሳቱ ይገርማል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ሌላውን ሰው ውሸታም ማለቱ ነው። ፖርቱጋላዊው ቄስ ጀሮኒሞ ሎቦ ከእርሱ 140 ዓመት ያህል በፊት እዚህ ቦታ ደርሶ ከሚወርደው ውኃ ጀርባ፣ ከድንጋዩ ሥር ተቀምጬ ነበር ብሎ ጽፎ ነበር። ብሩስ ይህ ፈጽሞ ሊሆን አይችልም አለ። ይሁን እንጂ አባይ በመጋቢትና በመስከረም አንድ ወንዝ አይደለም። አንድ ቀን አይቶ የሄደ መንገደኛ በሌላ ወር የመጣውን መንገደኛ ለመካድ በቂ ማስረጃ ያለው አይመስለኝም።

የራስ ሚካኤል ጦር ሲመለስ ብሩስም ምንጩን ሳያይ ወደ ጎንደር ተመለሰ። ሁለተኛው ሙከራ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1770 መጨረሻ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1763 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ተጀመረ። በዚህ ጊዜ ፋሲል ራሱ ፈቀደለት። ከፈቃዱ ጋር አንድ ኮርቻ የተጫነ ፈረስ ሰጠው፤ ፈረሱ ግን ለመቀመጫ አልነበረም። ከፊት ለፊት እየተነዳ መሄድ ነበረበት፤ ያገሬው ሰው የፋሲልን ፈረስ ሲያይ እንግዳውን አይነካም። ያ ፈረስ ዛሬ ቶጎ ውጫሌ ላይ የምናሳየው ፓስፖርት ማለት ነው።

ወልዶ የሚባለው መንገድ መሪ ምንጩ ወዳለበት ኮረብታ ሲያደርሰው ቀዩን መቀነቱን ካልሰጠኸኝ አላሳይህም ዓይነት ነገር አስጀመረው፤ ብሩስም መቀነቱን ፈትቶ ሰጠ። ከኮረብታው ጫፍ ሆኖ ወልዶ ከታች ያለውን ረግረግ፣ በመካከሉም ሣር የለበሰ ትንሽ ደሴት የመሰለ ቦታ አመለከተው። የአካባቢው አገዎች ቦታውን ያከብሩ ስለነበር ጫማ አድርጎ መውረድ እንደማይቻል ነገሩት። ብሩስ ጫማውን አውልቆ ቁልቁል ሮጠ። ኮረብታው ሥራቸው እንደ ሽንኩርት የሆነ አበቦች የበዙበት ስለነበር ሁለት ጊዜ እየተደናቀፈ ክፉኛ ወደቀ። ከዚያ በላይ አስቂኝና ከዚያ በላይ እውነት የሆነ ገጽ በመጽሐፉ ውስጥ የለም ብል ማጋነን አይሆንም። ያ ግዙፍ፣ ኩሩ፣ የንጉሥ መለኪያ ያስጫነ ሰው በባዶ እግሩ ተንከባልሎ ነው አባይ አጠገብ የደረሰው።

ከኮኮናት ቅርፊት በተሠራ ዋንጫ ውኃ ቀድቶ ለአገሩ ንጉሥና ለሌሎች ጤና ጠጣ። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ትንሽ ቆይቶ ከባድ ኀዘን ያዘው፤ ብዙዎች ሞክረው ያልሆነላቸውን አደረግሁ ካለ በኋላ ወደ አገሩ የሚመልሰው መንገድ፣ በሽታውና በረሃው በዓይኑ ላይ መጣበት። በዚያው በመንደሩ የምንጩ አገልጋይ የነበሩት አዛውንት ክፍለ አባይ አስተናግደውታል። ለእርሳቸውና ለልጆቻቸው ይህ ቦታ ፍለጋ የሚያስፈልገው አልነበረም፣ ቤታቸው ነበር እንጂ።

ዛሬ ግሽ አባይ በምዕራብ ጎጃም ሰከላ ውስጥ ነው። ምንጩ ጸበል ነው፣ ሰዎች ከሩቅ ይመጣሉ። ስሙን በተመለከተ አቡነ ዘርዐ ብሩክ መጻሕፍቶቻቸውን ለአባይ አደራ ሰጥተው በኋላ ሳይረጥቡ መለሰላቸው የሚል ትረካ አለ። ከዚህ የሚወጣው ውኃ ግልገል አባይ ተብሎ ጣና ይገባል።

እዚህ ላይ ያንን የያዝነውን ስም እናንሣ። ብሩስ በጻፈው መጽሐፍ ሉዊጂ ባሉጋኒ ግሽ አልደረሰም። ጎንደር በገቡ ጊዜ ታሞ ሞተ ይላል። ብሩስ ከሞተ በኋላ በ1805 የመጽሐፉን ሁለተኛ እትም ያዘጋጀው ስኮትላንዳዊው የቋንቋ ሊቅ አሌክሳንደር መሪ ወረቀቶቹን ሲያገላብጥ ግን በባሉጋኒ እጅ በጣሊያንኛ የተጻፈ የጉዞ ማስታወሻ አገኘ። ወጣቱ ሠዓሊ ግሽ ድረስ አብሮ ሄዷል፤ የሞተው ከዚያ ተመልሰው ጎንደር ከገቡ በኋላ ነው። ጴጥሮስ ፓኤዝ የተባለው ስፔናዊ ቄስም ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1618 ምንጩን አይቶ ጽፎ ነበር። ብሩስ ጽሑፉን ያውቀዋል፤ ፓኤዝ እዚያ አልነበረም ብሎ ብዙ ገጽ ተከራከረ። ሎቦ ውሸታም፣ ፓኤዝ ያልደረሰ፣ ባሉጋኒ ቀድሞ የሞተ ሲሆኑ ኮረብታው ላይ የቀረው አንድ አውሮፓዊ ብቻ ነው። ብሩስ የፈለገውም ይህንኑ ነው።

ከግሽ ሲመለስ ጎንደር ሰላም አልነበረችም። በ1771 ግንቦት በሰርባኩሳ በተደረጉት ውጊያዎች ከንጉሡ ሰፈር ነበረ፤ ንጉሡም የወርቅ ሰንሰለት ሸለሙት። ራስ ሚካኤል ተሸንፈው ተማረኩ። ብሩስ በዲሴምበር 1771 ጎንደርን ለቀቀ። በስናር ወራት ታግቶ ቆየ፣ ቀጥሎም የኑብያን በረሃ ተሻገረ። ውኃ አለቀ፣ ግመሎቹ አለቁ፤ መለኪያውንና ወረቀቶቹን አሸዋ ላይ ጥሎ በቆሰለ እግር በኖቬምበር 1772 አስዋን ገባ። እዚያ ጥቂት እንዳረፈ ግመል ተበድሮ የጣለውን ሊያመጣ ወደ በረሃው ተመለሰ፣ አገኘውም። ይህ ነው ብሩስን የሚያስከብረው። ሌላ ሰው ቢሆን ነፍሴ ተርፋለች ብሎ ይተወው ነበር።

ካመጣቸው ነገሮች መካከል የግዕዝ ብራናዎች ይገኛሉ። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉው የተጠበቀው በግዕዝ ብቻ ነው፤ ብሩስ ሦስት ቅጂ ይዞ ሄዶ አንዱን ለፓሪስ፣ አንዱን ለኦክስፎርድ ቤተ መጻሕፍት ሰጠ። የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ትርጉም በ1821 የወጣው ከዚያ ነው። እናቶቻችን ለኮሶ በሽታ የሚያውቁትን የኮሶ ዛፍና ለተቅማጥ መድኃኒትነት የሚውለውን ዋጊኖስ ለአውሮፓ ያስተዋወቀም እርሱ ነው፤ ዋጊኖስ ዛሬም በሳይንሳዊ መጠሪያው የብሩስን ስም ይዟል።

በ1774 ለንደን ሲገባ መጀመሪያ ከበቡት፣ ቀጥሎ ሳቁበት። አክሱም አካባቢ ወታደሮች በሕይወት ካለች ላም ሥጋ ቆርጠው ቁስሉን ሰፍተው ሲነዷት አይቻለሁ ማለቱን ማንም አላመነም። ጥሬ ሥጋ መብላት ራሱ ለለንደን ሰው ተረት ነበር፤ ለእኛ ግን የበዓል ቀን ነገር ነው። በወጣትነቱ የሎቦን መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ታዋቂው ጸሐፊ ሳሙኤል ጆንሰንም አገናኝተውት በብሩስ አልተማረከም። በ1792 ደግሞ የታወቀውን ውሸታም ባሮን ሙንካውዘንን ተረቶች የሚቀጥል መጽሐፍ ለብሩስ መታሰቢያ ተብሎ ወጣ፤ ለመሳለቂያ ነው እንጂ ለአክብሮት አይደለም። ሌሎችን ውሸታም ያለ ሰው ራሱ እውነቱን ተናግሮ ሳይታመን መቅረቱ በታሪኩ ውስጥ ከሁሉ የሚያስተዛዝን ክፍል ነው።

ብሩስ ያየው የአባይን አንዱን ክንድ ነው። ግብፅ ከሚደርሰው ውኃ አብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ የሚሄድ ቢሆንም ረጅሙ ክንድ ነጭ አባይ ነው። የዚያን ምንጭ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ሲወጣ በ1862 ያየው ጆን ስፒክ በአፍሪካ ጉዞው መጀመሪያ ሊሞት የነበረው እዚሁ አጠገባችን በርበራ ላይ ነው። በኤፕሪል 1855 ሌሊት የሪቻርድ በርተን ሰፈር ሲጠቃ ስፒክ ተይዞ ብዙ ቦታ በጦር ተወግቶ አመለጠ፣ በርተን ጉንጩን ተወጋ፣ አንድ ባልደረባቸው ሞተ። በርበራ የባሕር ዳርቻ ለሽርሽር የሚሄዱ ተማሪዎች ይህን ቢያውቁት አይከፋም።

በለንደን የተከፋው ብሩስ ወደ ኪኔርድ ተመለሰ፣ በ1776 ሜሪ ዳንዳስን አገባ፣ ልጆች ወለደ። መጽሐፉን ሳይጽፍ ዓመታት አለፉ። ባለቤቱ በ1785 ስትሞት ሐዘኑን ለመርሳት ጽሑፉን ያዘ፤ አምስቱ ትላልቅ ቅጾች በ1790 ታተሙ፣ ወዲያውም ተሸጡ። ኤፕሪል 26 ቀን 1794 ማምሻ ላይ በቤቱ እንግዶች ነበሩ። አንዲትን እመቤት ወደ ሠረገላዋ ለመሸኘት ሲፋጠን የራሱ ቤት ደረጃ ላይ እግሩ ከዳው፣ ተንከባልሎ ወደቀ። በማግስቱ ሞተ። ታራንታን መለኪያ ተሸክሞ የወጣ፣ ግሽ ላይ ሁለት ጊዜ ወድቆ የተነሣ ሰው ከዚያ ደረጃ አልተነሣም።

የጉዞው ሥዕሎች ብሩስ በሕይወት ሳለ በአብዛኛው የራሱ ተደርገው ይታዩ ነበር። ዛሬ በአሜሪካ ዬል ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ተቀምጠዋል። የአፍሪካ ዕፀዋቱ ሥዕሎች በ1991 በመጽሐፍ ሲታተሙ ሽፋኑ ላይ የወጣው ስም የሉዊጂ ባሉጋኒ ነው።